የምትረከቢው ቤተ መጻሕፍት

ልጄ ሆይ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። አዲስ በተከፈተ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያን ሆነሽ ከተመደብሽ ወዲህ ሰዎች «ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ እያለ እናንተ ምን ትሠራላችሁ?» እያሉ እንደሚጠይቁሽ፣ አብረውሽ የተመረቁት ወደ ባንክና ወደ ቴሌ እንደሄዱ፣ አንቺም ልብሽ ለሁለት እንደተከፈለ ጽፈሽልኛል። ጥያቄሽ ተገቢ ነው። በማጽናኛ ቃል ልሸኝሽ አልፈልግም፤ ስለ ሥራው ራሱ እነግርሻለሁ። ሙያውን የጀመርኩት በካርድ ነው፤ ጡረታ የወጣሁት ዲጂታል ማኅደር እያደራጀሁ ነው። በመካከሉ የመጣውን መሣሪያ ሁሉ እንደ አመጣጡ ተቀብዬ ተምሬአለሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሚያፈላልግ መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ በዓለም ሞልቷል። እዚህ አገር የተጻፈውን፣ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን የታተመውን፣ ተማሪዎቻችን በየዓመቱ ደክመው የሚያዘጋጁትን ቴሲስ ለፈላጊው የሚያደርስ ግን ካንቺና ከመሰሎችሽ በቀር ማንም የለም። ምክሬ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

፩. ከአንቺ በፊት የነበሩትን እወቂ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲመሠረት ቤተ መጻሕፍቱን በማደራጀት የደከሙት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋምም ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን አቅንተዋል። ሪታ ፓንክኸርስት በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ካገለገሉ በኋላ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት መርተዋል፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በእርሳቸው የኃላፊነት ዘመን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትይው የምፈልገው ግን የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ዘመቻ ተጀመረ። በተከታዮቹ ዓመታት 9 ሺህ ያህል ብራናዎች ተነሡ፤ የፊልሙ ቅጂም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ማኅደር ተቀመጠ። ካሜራው ሥራውን ጨርሷል። ነገር ግን አንድ ጥቅል ፊልም ውስጥ ያለው ድርሳን ይሁን ገድል፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደተጻፈ፣ በኅዳጉ ላይ ያለው ማስታወሻ የመሬት ስጦታ ይሁን የጋብቻ ውል ካሜራው ሊናገር አይችልም። ይህን በብዛት ያደረጉት ጌታቸው ናቸው። በደርግ ዘመን መጀመሪያ በጥይት ቆስለው፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ብራናውን አንድ በአንድ እያነበቡ የካታሎጉን ብዙ ቅጾች አዘጋጁ። የማክአርተር ሽልማት የተሰጣቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ቤቱ ተቀምጦ የነዚያን ብራናዎች ምስል በኢንተርኔት ሲያይ የሚፈልገውን በአብዛኛው የሚያገኘው እሳቸው በጻፉት መግለጫ ነው። መሣሪያው ከማይክሮፊልም ወደ ዲጂታል ተለወጠ፤ መግለጫው አሁንም ያገለግላል።

፪. መዝገቡን ከፕሮግራሙ አስበልጪ።

እኔ የጀመርኩበት ካርድ ከታች ቀዳዳ ያለው፣ በመሳቢያው ውስጥ በብረት ዘንግ የተያያዘ ነበር። እያንዳንዱ መጽሐፍ በደራሲ፣ በርእስና በርእሰ ጉዳይ ሦስትና ከዚያ በላይ ካርድ ይተየብለታል። ለዓለም ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያትም የነበረው የአሜሪካው ኦሲኤልሲ የመጨረሻዎቹን ካርዶች ያተመው በኦክቶበር 2015 ነው። ከካርዱ በኋላ ዩኔስኮ በነፃ ያድለው የነበረው አይሲስ የተባለ የካታሎግ ፕሮግራም መጣ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ዚላንድ ውስጥ የተጀመረው ሌላ ነፃ ፕሮግራም፣ ኮሃ።

ከአይሲስ ወደ ኮሃ ስንሸጋገር ያየሁትን ልንገርሽ። አይሲስ እያንዳንዱ ቤት መስኩን እንደፈለገ እንዲሰይም ይፈቅድ ነበር። ደራሲን፣ ርእስን፣ አሳታሚንና ዓመትን በየመስኩ ለይተው ያስገቡ ቤቶች መዝገባቸው ያለ ብዙ ችግር ተሻገረ። ሁሉንም በአንድ መስክ ጠቅጥቀው የጻፉት ግን እያንዳንዱን መጽሐፍ እንደገና ከመደርደሪያ አውርደው መመዝገብ ነበረባቸው። ነገ ከኮሃ ወደ ሌላ የምትሸጋገሪበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ማንም ሶፍትዌር ሊሸጥልሽ ሲመጣ አስቀድመሽ «መዝገቤን በሙሉ፣ ማርክ በሚባለው የካታሎግ መዝገብ ቅርጽ፣ ያለ እናንተ ፈቃድ ማውጣት እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂው። ካልቻልሽ አትፈርሚ፤ አለቃሽም እንዳይፈርሙ በጽሑፍ አሳውቂ።

ኮሃ የፈቃድ ክፍያ የለውም ተብሎ ያለ በጀት የሚተውበት ቤት ብዙ ነው። ሰርቨሩን የሚያውቅ አንድ ልጅ ብቻ ይኖራል፤ እሱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ሲስተሙ እንዴት እንደተዋቀረ በደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩም በቤተ መጻሕፍቱ እጅ ይሁን። ይህን አጥብቄ የምልሽ ስለተደጋገመብኝ ነው።

፫. በአማርኛ የተመዘገበው ሁሉ በአማርኛ ሲፈለግ ይገኝ።

ከምክሬ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ በዝርዝር እነግርሻለሁ።

ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ ካታሎጋችሁን ክፈቺና «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ፈልጊ። ከዚያ «ጸሐይ» ብለሽ ፈልጊ፤ ከዚያ «ፀሀይ»፣ ከዚያ «ጸሀይ»። የውጤቱን ቁጥር በወረቀት ላይ መዝግቢ። አራቱ የተለያየ ውጤት ከሰጡሽ፣ እንደሚሰጡሽም አልጠራጠርም፣ አንባቢሽ መደርደሪያው ላይ ያለውን መጽሐፍ «የለም» ተብሎ ይመለሳል ማለት ነው። በ«ሥራ» እና «ስራ»፣ በ«ዓለም» እና «አለም»፣ በ«ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ድገሚው። የእንግሊዝኛው ዓለም ይህ ችግር ስለሌለበት ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች አላሰቡበትም። ሊያስቡበትም አይገደዱም።

መፍትሔው የመጽሐፉን ርእስ ማረም አይደለም። ደራሲው «ፀሐይ» ብሎ ካሳተመ መዝገቡ «ፀሐይ» ይበል፤ የርእስ ገጹን እንዳለ መገልበጥ የሙያችን ሕግ ነው። የሚስተካከለው ማውጫው ነው። ኮሃ ፊደላትን እርስ በርስ የሚያመሳስል ፋይል አለው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ከነቤተሰባቸው በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ በዚያ ፋይል ውስጥ ይጻፋል። «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ዓ» በንባብ አንድ ስለሆኑ እነሱንም አትርሺ። የአይሲቲ ልጆች ይህን አያውቁትም፤ ፊደሉን አንቺ ዘርዝረሽ ስጫቸው፣ እነሱ ያስገቡልሻል። ከዚያ ፍለጋውን በአራቱም አጻጻፍ ድገሚና ከመዘገብሽው ቁጥር ጋር አስተያዪ።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። የውጭ ዳታቤዞች ሁሉ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። የእኛ ሰው ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱና የአባቱ ስም ነው ያለው። አንዱ ሠራተኛ «ከበደ ሚካኤል» ብሎ ሲመዘግብ ሌላው ገልብጦ «ሚካኤል፣ ከበደ» ብሎ ከመዘገበው አንድ ደራሲ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ሥራውም ለሁለት ይከፈላል። የዓለም አቀፉ የካታሎግ ልማድ የየአገሩን የስም አጠቃቀም ተከተሉ ነው የሚለው፤ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የስም መዝገብም ጌታቸው ኃይሌ የሚገኙት በ«ጌታቸው» ነው። ይህን በቤታችሁ ደንብ አድርጊው። ለመምህራን ደግሞ ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ እንዲያወጡ እርጃቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረ ነው፤ ክፍያ የለውም። ስማቸው በላቲን ፊደል በአምስት ዓይነት ቢጻፍ፣ ወይም የአባታቸው ስም ወደፊት ቢመጣ ሥራቸውን በአንድ ቦታ የሚሰበስብላቸው እሱ ነው።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የርእስ ገጹ «1966 ዓ.ም.» የሚል መጽሐፍ ካታሎጉ ውስጥ በደረቁ «1966» ተብሎ ከገባ ከአብዮቱ ዋዜማ የነበረው መጽሐፍ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል፤ በዓመት ለይቶ የሚፈልግ የታሪክ ተማሪም አያገኘውም። ሁለቱንም ጻፊ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ስምንት ደምሪ፤ ወሩ ካልታወቀ ሁለቱን ዓመታት በእዝባር አስቀምጪ።

የመጨረሻው የፎንት ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒዩተር የፊደል መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየራሳቸው ፎንት የተተየቡ የአማርኛ ቴሲሶች፣ መጽሔቶችና የምርምር ዘገባዎች በየመሥሪያ ቤቱ ሲዲና ፍሎፒ ላይ ተቀምጠዋል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ስትከፍቻቸው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ብሎ ይታይሻል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለውጡን ግን ሰው በዓይኑ ማረም አለበት። ፎንቶቹን የሚያውቁ ሰዎች ሳያልፉ፣ ሲዲዎቹም ሳይበላሹ ይህን ሥራ ጀምሪው።

፬. ቴሲሱን በክሊራንስ ቀን ተቀበዪ፤ እዚያው ክፈቺው።

በየዩኒቨርሲቲው በጠንካራ ሽፋን የተጠረዙ ቴሲሶች ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። በአንዱ ዩኒቨርሲቲ የተጠናው የወረዳ ችግር ሌላው ዘንድ ካልታየ ያው ጥናት በሌላ ተማሪ፣ በሌላ በጀት እንደገና ይሠራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዲ ስፔስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የተማሪዎቹን ቴሲስ በኢንተርኔት አውጥቷል፤ እንዴት እንደተደራጀ ተመልከቺው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል። ይህ ለአንቺ ጉልበት ነው። ሰነዱን አትሚና ዲኑ ጋ ይዘሽ ግቢ።

በተግባር እንዲህ አድርጊ። ተመራቂው ክሊራንስ ለማስፈረም ፍላሹን ይዞ ሲመጣ ፋይሉን ገልብጠሽ ብቻ አትሸኚው። እፊቱ ክፈቺው። የመምህራኑ ፊርማ ያለበት የማጽደቂያ ገጽ መኖሩን እዪ፤ መጨረሻ ላይ የዋቢዎቹ ዝርዝር አለመቆረጡን እዪ። ከመካከሉ አንድ አንቀጽ በማውዝ ምረጪ፣ ኮፒ አድርጊና ኖትፓድ ላይ ለጥፊው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደኅና ነው። የላቲን ምልክት ከወጣ የቆየ ፎንት ነው፤ ምንም ካልወጣ ስካን የተደረገ ምስል ነውና ዋናውን የወርድ ፋይል እንዲያመጣ ላኪው። ይህ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ልጁ ከግቢ ከወጣ በኋላ ግን ስልኩም ኢሜይሉም ተቀይሮ ታገኚዋለሽ።

የቅጂ መብት አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ አንብቢ። ቴሲሱ የጸሐፊው ነው፤ በኢንተርኔት ለማውጣት ፈቃዱን በፊርማ ተቀበዪ። አሳትመዋለሁ ብሎ ጥቂት ጊዜ እንዲዘገይለት ከጠየቀ አዘግዪለት። አንዳንድ አማካሪዎች «ከወጣ ይሰረቃል» ይሉሻል። በእርጋታ አስረጂያቸው፤ በቁም ሣጥን የተቆለፈ ቴሲስ ቢሰረቅ ማንም አያውቅም፤ በኢንተርኔት ያለ ግን ሲሰረቅ ይያዛል።

፭. ተማሪው ለምን ወደ ቴሌግራም እንደሄደ ጠይቂው።

ቤተ መጻሕፍታችን ፈተና ሲቃረብ ይሞላል፤ ደብተር አስቀምጦ ወንበር የሚይዘው ብዙ ነው። የሚነበበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሃንድአውትና ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ፒዲኤፍ ነው። በዚህ ተማሪውን አትቆጪው። ቴሌግራም በስልኩ አለ፣ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ወዲያው ያገኛል። የአንቺ ዳታቤዝ ደግሞ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ከግቢ ውጭ አይከፈትም፣ እንዴት እንደሚፈለግበትም ማንም አላሳየውም።

የሚያሳዝነኝ ያለንን አለማወቃችን ነው። ሂናሪ በዓለም ጤና ድርጅት አማካይነት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የሕክምና ጆርናሎችን ለድሃ አገሮች ተቋማት ያለ ክፍያ ከፍቷል፤ ለእርሻው አጎራ ተከተለው። ዛሬ ሁሉም ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ስር ናቸው፤ አገራችንም በነፃ ከሚጠቀሙት ውስጥ ናት። ዩኒቨርሲቲሽ ተመዝግቦ እንደሆነ አረጋግጪ፤ ተመዝግቦ የይለፍ ቃሉ የአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ የቀረበት ቤት አለ።

አዳራሽ ሞልተሽ ከምታስተምሪ ይልቅ አንድ ተማሪ የራሱን የቴሲስ ርእስ ይዞ ሲመጣ አጠገብሽ አስቀምጪው። ርእሱን ወደ ቁልፍ ቃላት ከፋፍሉት፤ ተመሳሳይ ቃላትን ጨምሩ፤ ፈልጉ፤ ውጤቱ ሲበዛ አጥቡት። በግማሽ ሰዓት የተማረው ነገር ጓደኞቹ ዶርም ድረስ ይደርሳል።

፮. ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እወቂው፤ የሰጠሽን ግን ሳታጣሪ አትቀበዪ።

ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ከወጣ ወዲህ ሪፈረንስ ዴስክ ላይ አዲስ ዓይነት ጥያቄ መጥቷል። ተማሪው የዋቢ ዝርዝር ይዞ ይመጣና «እነዚህን ጽሑፎች አምጡልኝ» ይላል። ትፈልጊያለሽ፤ የሉም። ደራሲው እውነተኛ ሰው ነው፣ ጆርናሉም እውነተኛ ነው፣ ቅጹና ገጹ ሳይቀር ተጽፏል፤ ጽሑፉ ግን በዓለም ላይ ተጽፎ አያውቅም። ማሽኑ ሊኖር የሚመስለውን አቀናብሮ ሰጥቶታል። ይህ በተማሪ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ2023 በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች በቻትጂፒቲ የተፈጠሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ጠቅሰው ማመልከቻ ስላቀረቡ ዳኛው 5 ሺህ ዶላር ቀጥተዋቸዋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ይህን ማጣራት የኛ ሙያ ነው። ርእሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገሽ ፈልጊ። ዲኦአይ የሚባለው የጽሑፍ መለያ ቁጥር ካለው ቁጥሩን በኢንተርኔት ክፈቺና ወደ ሌላ ጽሑፍ ይወስድሽ እንደሆነ እዪ። የጆርናሉን ድረ ገጽ ክፈቺ፤ የተጠቀሰውን ቅጽና የተጠቀሰውን ገጽ ተመልከቺ። ይህን ለተማሪው እያሳየሽ አድርጊው እንጂ ደብቀሽ ሠርተሽ ውጤቱን ብቻ አትንገሪው። ሁለት ዋቢ በራሱ እጅ ካጣራ ሦስተኛውን ያለ አንቺ ያጣራል።

መሣሪያውን አትሽሺው። የቴሲስ አጠቃሎ ወደ አማርኛ ሲመለስ ረቂቁን ይሠራልሻል፤ ለመጽሐፍ የርእሰ ጉዳይ መጠሪያ ሲጠፋሽ አማራጭ ያቀርብልሻል፤ የተዘበራረቀ የኤክሴል ዝርዝር ለማስተካከል ይረዳል። አማርኛው ላይ ግን ከእንግሊዝኛው የበለጠ ይሳሳታል፤ በተለይ የሰውና የቦታ ስም ላይ ዓይንሽን አትንቀዪ። ያልታተመ ቴሲስና የአንባቢዎችሽን የውሰት መዝገብ ደግሞ ከቶ አትጫኚበት። ማን ምን እንዳነበበ መጠበቅ ከኮምፒዩተር በፊትም የኛ ኃላፊነት ነበር።

፯. መምህራኑን ከአጭበርባሪ ጆርናል ጠብቂያቸው።

የማዕረግ እድገት በታተመ ጽሑፍ ቁጥር ሲለካ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ግምገማ የሚያትም ጆርናል ገበያ ያገኛል። ነገሩን ዓለም እንዲያውቀው ያደረገው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያን የነበረው ጄፍሪ ቢል ነው፤ ያዘጋጀውን የአጭበርባሪ ጆርናሎች ስም ዝርዝር በጃንዋሪ 2017 ከኢንተርኔት ቢያነሣውም ጥያቄው አልቀረም። መምህሩ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ወደ አንቺ እንዲመጣ አድርጊ። በክፍት ጆርናሎች ማውጫ፣ ማለትም በዶአጅ፣ ጆርናሉ መኖሩን እዪለት፤ አፍሪካዊ ከሆነ ኤጆል በሚባለው የአፍሪካ ጆርናሎች ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው፤ የአዘጋጆቹን ስም ከዩኒቨርሲቲያቸው ድረ ገጽ ጋር አመሳክሪ። አንድ መምህር ገንዘቡንና ስሙን ካተረፍሽለት በዲፓርትመንቱ ስብሰባ ላይ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የሚናገርልሽ ሰው አገኘሽ ማለት ነው።

፰. መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ይቋረጣል፤ እንደዚያ ብለሽ አደራጂ።

በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ አገልግሎት ለኛ አይበቃም። የቴሲሱ ማኅደርና የኮርስ መጻሕፍቱ በግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ይኑሩ፤ ተማሪው ኢንተርኔት በሌለበትም በግቢው ዋይፋይ ያግኛቸው። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ጫኚው።

ባክአፕ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። የብሪቲሽ ላይብረሪን የሚያህል ተቋም በኦክቶበር 2023 በሰርጎ ገቦች ተመትቶ የኢንተርኔት ካታሎጉ እስከ ጃንዋሪ 2024 ድረስ ጠፍቶ ነበር፤ ሌሎች አገልግሎቶቹ ከዚያም በላይ ቆዩ። በኤፕሪል 2021 በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የጃገር ቤተ መጻሕፍት ንባብ ክፍል በሰደድ እሳት ሲወድም ብርቅ የአፍሪካ ጥናት ስብስብ አብሮ ተቃጥሏል፤ አስቀድሞ ዲጂታል የተደረገው ግን ተርፏል። ስለዚህ የኮሃና የዲ ስፔስ ቅጂ በየሳምንቱ በውጭ ዲስክ ይወሰድ፤ ዲስኩም ሰርቨሩ ካለበት ሕንፃ ውጭ ይቀመጥ። በመንፈቅ አንድ ጊዜ ከዲስኩ ላይ መልሰሽ ጭነሽ ሞክሪው። ተሞክሮ የማያውቅ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሪው።

፱. ማየት የተሳናቸውን ተማሪዎች አስቀድሚ።

በየዩኒቨርሲቲው፣ በተለይ በሕግና በማኅበራዊ ሳይንስ፣ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች አሉ። ኤንቪዲኤ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። ስካን የተደረገ ምስልን ግን በቀጥታ አያነብም፤ በቆየ ፎንት የተተየበውንም አያነብም። ከላይ ስለ ዩኒኮድ ያልኩሽን እንደገና አስቢው። ያ ሥራ ለእነዚህ ልጆች የማንበብና ያለማንበብ ጉዳይ ነው።

፲. ነባር ሠራተኞችን አክብሪ፤ ለራስሽም ቦታ ጠይቂ።

ኮምፒዩተር የማይችሉ ነባር ሠራተኞች ታገኛለሽ። በየትኛው ዓመት የትኛው ስጦታ መጽሐፍ እንደመጣ፣ የትኛው ሣጥን ሳይመዘገብ መጋዘን እንደገባ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጋሼ፣ እትዬ እያልሽ ጠይቂያቸው፤ የሚነግሩሽንም ጻፊ። መዝገቡን እነሱ ይንገሩሽ፣ ኪቦርዱን አንቺ አስተምሪያቸው።

ቤተ መጻሕፍትን የሠራተኛ መቅጫ አድርገው የሚያዩ አለቆች አሉ። በክርክር አታሸንፊያቸውም። አዲስ የማስተርስ ፕሮግራም ሲከፈት «ለዚህ ፕሮግራም ምን መጻሕፍትና ጆርናል አለን?» የሚለውን ሰነድ ሳይጠይቁሽ አዘጋጅተሽ ስብሰባው ላይ አቅርቢ። ስንት ቴሲስ እንደወረደ፣ ከየትኛው አገር እንደተነበበ ዲ ስፔስ ይቆጥራል፤ ቁጥሩን በየሩብ ዓመቱ ለፕሬዚዳንቱ ላኪ። ብቻሽንም አትሁኚ። የኢትዮጵያ የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኅብረት አለ፤ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለች ላይብረሪያን የሠራችውን የፊደል ማመሳሰያ ፋይል ለምነሽ ብትወስጂ፣ አንቺም ያረምሽውን ብትመልሺላት ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ወደ ባንኩ መሄድ ብትመርጪ አልቀየምሽም፤ ኑሮ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ለመወሰን ግን አንድ መንፈቅ ስጪው። በመጀመሪያው ወር የ«ፀሐይ»ን ፍለጋ አስተካክዪ፤ በሁለተኛው የቁም ሣጥኑን ቴሲሶች ቁጠሪና የትኞቹ ፋይል እንዳላቸው ለይተሽ መዝግቢ፤ ከዚያ የዘንድሮ ተመራቂዎች ክሊራንስ ይደርሳል። የፊደሉን ዝርዝር እኔ ካዘጋጀሁት ጋር እንድታስተያዪው በሚቀጥለው ሳምንት እልክልሻለሁ። የኦሮምኛና የትግርኛ መጻሕፍት በካታሎጋችሁ እንዴት እንደተመዘገቡ ደግሞ አንቺ ጻፊልኝ፤ በተለይ በቁቤ የተጻፉት ላይ የድርብ ፊደል አጻጻፍ ፍለጋውን የሚያደናቅፈው እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።